ለዛሬ ወይስ ለዓመታት? በወር 500 ብር ከሐዋሳ ሆኖ የመርዳት አሠራር

ደመወዝ በገባ ሳምንት ጥያቄው ከየአቅጣጫው ይመጣል። በስልክ የኩላሊት ሕመምተኛ ፎቶ ከባንክ ቁጥር ጋር ይላካል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ለተፈናቀሉ ወገኖች መዋጮ ይታወጃል። አንድ ድርጅት ደግሞ በየወሩ ከፍለው አንድ ልጅ እንዲያስተምሩ ይጠይቃል። ሰው ለአንዱ 200፣ ለሌላው 100 ይሰጥና ሦስተኛውን «በሚመጣው ወር» ብሎ ያልፈዋል። ዓመቱ ሲያልቅ አምስትና ስድስት ሺህ ብር ወጥቷል፤ የቱ ምን እንደሠራ ግን ማንም አያውቅም። «በሚመጣው ወር» የተባለው ልጅም መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል።

ይህ አሠራር በወር ከ200 እስከ 1,000 ብር መስጠት ለሚችል የሐዋሳ ነዋሪ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌው 500 ብር ነው፤ የእርስዎ ከዚህ ቢያንስም ቢበዛም ድርሻውን እንዳለ ይዘው ቁጥሩን ብቻ ይቀይሩ።

በመጀመሪያ ሁለቱን መለየት

በጎ አድራጎትን አስቸኳይና ዘላቂ ብሎ መክፈል የተለመደ ነው። ግን ድርጅቶችን በስማቸው ከመደብን እንሳሳታለን። የሚመደበው ሥራው ነው፤ መለያውም ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ይህ ገንዘብ ሦስት ወር ቢዘገይ ማን ይጎዳል? ከጀመረ በኋላ ቢቋረጥስ ማን ይጎዳል? በመዘግየቱ የሚጎዳ ሰው ካለ ሥራው አስቸኳይ ነው። በመቋረጡ የሚጎዳ ካለ ዘላቂ ነው። ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ሰው ብርድ ልብሱን ከሦስት ወር በኋላ ቢያገኘው ብዙም አይጠቅመውም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያለች ልጅ ግን ድጋፉ ከመስከረም ይልቅ በጥቅምት ቢጀመርላት ትችለዋለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቢቋረጥባት ነው የሚከብዳት።

በይርጋለም የሚገኘው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ይህን በደንብ ያሳያል። ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲራዘምና የሚረዳ ባለሙያ በአቅራቢያ ሳይኖር ሲቀር ነው። ቀዶ ሕክምናው አሁን የምትሠቃየውን ሴት ይፈውሳል። ይኸው ተቋም በሚያስተዳድረው የአዋላጆች ኮሌጅ የምትማር ልጅ ደግሞ ተመርቃ ገጠር ጤና ጣቢያ ስትመደብ ችግሩ ከመነሻው እንዳይደርስ ታደርጋለች። አንድ ተቋም ሆኖ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ለየትኛው እንደሚሰጡ ማወቅ የእርስዎ ድርሻ ነው።

የሲዳማ ገበሬ ጓሮም እንዲሁ ነው። እንሰቱ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በቆሎው በወራት፣ ጎመኑ በሳምንታት ይደርሳል። ገበሬው «የቱ ይሻላል» ብሎ አንዱን አይነቅልም፤ ለሁሉም ቦታ ይለካል። እኛም መለካት ነው ያለብን።

1ኛ፦ መጠኑን በሁለት ወር ሙከራ ይወስኑ

500 ብር እሰጣለሁ ከማለትዎ በፊት ለሁለት ወር ያህል ለማንም ሳይሰጡ በተለየ ሂሳብ ያስቀምጡት። ከ25ኛው ቀን በኋላ ከዚያ ገንዘብ ካወጡ ወይም ከሰው ከተበደሩ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ወደ 300 ዝቅ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። ይህ ሙከራ ሲዘለል ብዙውን ጊዜ ስጦታው ከጥቂት ወራት በኋላ ይቆማል፤ የሚቆመውም ከዘላቂው ነው፤ ምክንያቱም አስቸኳዩ ፊት ለፊት ቆሞ ይለምናል፣ ዘላቂው ግን ዝም ይላል።

ሦስት ነገሮችን እዚህ ውስጥ አይቁጠሩ። የእድር መዋጮ ስጦታ አይደለም፤ ለራስዎም የሚመለስ መተማመኛ ነው። አስራት ቦታው የታወቀ ነው። ዘካም ተቀባዮቹ በሃይማኖቱ የተወሰኑ፣ መጠኑም ከተቀመጠ ሀብት 2.5 በመቶ ሆኖ የተቀመጠ ግዴታ ስለሆነ ለብቻው ይሰላ። የሚከተለው ክፍፍል ከእነዚህ በኋላ ለሚተርፈው ነው።

2ኛ፦ 300፣ 150፣ 50 አድርገው ይክፈሉት

300 ብሩ ለአንድ ዘላቂ ሥራ ይሁን። ለሦስት ድርጅት መቶ መቶ ብር ከመላክ ለአንዱ 300 መላክ ይሻላል፤ የሦስት ቦታ ሪፖርት የሚያነብ፣ ሦስት ቦታ ሄዶ የሚያይ ሰው የለም፤ ለድርጅቱም ሦስት ጥቃቅን ገቢ መመዝገብ ሥራ ነው። በዓመት 3,600 ብር ይሆናል።

150 ብሩ በየወሩ አይሰጥም፤ ይጠራቀማል። የአስቸኳይ ሳጥን እንበለው። በዓመት 1,800 ብር ይደርሳል። አደጋ የሚመጣው በወር ስሌት ስላልሆነ አንዳንዱ ወር ምንም አይወጣም፤ አንዱ ቀን ላይ ደግሞ 1,000 ብር ባንዴ ይወጣል። «በዚህ ወር አልሰጠሁም» ብሎ መጸጸት አያስፈልግም፤ ሳጥኑ እየሞላ ነው።

50 ብሩ በእጅ የሚሰጥ ነው፤ ለደጁ ችግረኛ፣ ለበዓል ምሳ መዋጮ፣ ለገብርኤል ደጅ አረጋውያን። የበዓል ቀን ምሳ ማብላት የሚያስደስትና የሚገባ ነገር ነው፤ ግን የማግስቱን ረሃብ ስለማያስቀር ከሌሎቹ ሁለት ሳጥኖች ሊወስድ አይገባም። መንገድ ላይ ለሚለምን ሕፃን ገንዘብ ባይሰጡ ይሻላል። ልጁ ባመጣው ልክ የሚቀበለው ትልቅ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ገቢው በጨመረ ቁጥርም ልጁን ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ይከብዳል። ዳቦ ገዝተው ይስጡት፣ ስሙንም ይጠይቁት። ገንዘቡን ግን ከጎዳና ልጆች ጋር በየዕለቱ ለሚሠሩ ሰዎች ይስጡ።

ይህ ክፍፍል ቋሚ ደመወዝ ላለው ነው። ገቢዎ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ባጃጅ ቢነዱ ወይም ዕለት ሥራ ቢሠሩ፣ ይገልብጡት፦ 300ውን ለአስቸኳይ፣ 150ውን ለዘላቂ። እርግጠኛ ባልሆነ ገቢ ላይ የወር ቃል መግባት አደጋ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ወጣቶች ደግሞ አራት ሆነው መቶ መቶ ብር ቢያዋጡ አንዷ ሥራ ብትለቅ ሦስቱ ይሸፍናሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

3ኛ፦ ቃል ከመግባትዎ በፊት የሦስት ወር መጠባበቂያ ይያዙ

ለዘላቂው ሥራ የመጀመሪያውን 300 ብር ከመላክዎ በፊት 900 ብር ያስቀምጡ። የሁለት ወሩ የሙከራ ገንዘብ ለዚህ ይበቃል፤ ከ1,000 ብር 900ው መጠባበቂያ ሆኖ የቀረው 100 የአስቸኳይ ሳጥኑን ይከፍታል። ቢታመሙ ወይም ሥራ ቢቀይሩ ይህ ገንዘብ ለሦስት ወር ይቀጥላል፤ ድርጅቱም ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል። ትንሽ ገንዘብ ያለው ለጋሽ ከባለሀብቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለመቋረጥ ነው፤ ያ ከጠፋ ግን 300 ብሩ ብዙ አይሠራም።

4ኛ፦ የአስቸኳይ ሳጥኑ መቼና እንዴት ይከፈታል

አደጋ ሲደርስ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፦ በጣም ቀድሞ ሲደርስና ሁሉም ሰው ከረሳው በኋላ። መሃሉ ላይ፣ ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሁለተኛው ወር ገደማ፣ ቴሌቪዥኑም ስልኩም ስለዚያ አደጋ ብቻ ያወራል፤ መኪና ተሰልፎ ይገባል፤ አንዳንዱ ዕቃ ከሚፈለገው በላይ ይከማቻል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት እናስታውስ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡ ጎረቤቶችም ሁለተኛው ጭቃ ወስዷቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚፈለገው ቁፋሮ፣ ቀብር፣ ምግብና መጠለያ ነበር። ከወራት በኋላ የሚቀረው ሌላ ነው፤ አዲስ ቤት፣ አዲስ እርሻ፣ ወላጅ ያጡ ልጆች። በመጀመሪያው ሳምንት ያለቀሰ ሁሉ በስድስተኛው ወር አይገኝም።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። አደጋው በተሰማ በሦስት ቀን ውስጥ ከሳጥኑ ግማሹን እዚያው ለነበሩ ይላኩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለና በየአካባቢው ቅርንጫፍና በጎ ፈቃደኞች ያሉት ስለሆነ ለዚህ ይመቻል፤ የቦታው ቤተ እምነት ወይም እድርም ቀድሞ ደራሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ይያዙት። ስልክዎ ላይ ከሁለት ወር በኋላ የሚጠራ ማስታወሻ ያድርጉ፤ ቀኑ ሲደርስ ደውለው «አሁን ምን ጎደለ?» ይበሉ። የሚያገኙት መልስ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የተለየ ነው፦ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ ዘር፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ።

ከሐዋሳ ወጣ ብለው ባሉ ቆላማ ወረዳዎች ደግሞ አደጋው ድምፅ የለውም። የበልግ ዝናብ ሲያጥር ወይም ሲዘገይ ቤት ያለው ምግብ አልቆ አዲሱ ሳይደርስ የሚያልፉት ወራት ከባድ ናቸው። እነዚህን ወራት ዜና ስለማያነሳቸው የሳጥኑን ሲሶ አስቀድመው ለእነርሱ ለይተው (ከላይ ያልነው ግማሽ ከቀሪው ይሰላል) ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ከቤተ እምነት መረጃ ይጠይቁ።

ዕቃ ወይስ ገንዘብ

ገበያው ክፍት ከሆነ ገንዘብ ይላኩ። የተፈናቀለው ሰው ከአካባቢው ነጋዴ ሲገዛ የፈለገውን ያገኛል፤ ነጋዴውም አይዘጋም። ዕቃ የሚላከው ገበያው ሲፈርስ ወይም መንገዱ ሲቆረጥ ነው። እድርዎ ዱቄት ጭኖ ለመሄድ ካሰበ አስቀድሞ የመኪና ኪራዩን ይጠይቁ፤ ኪራዩ ከዕቃው ዋጋ ሲሶ ካለፈ ገንዘቡን መላክ ያዋጣል። ዱቄት ከተላከ ድስት፣ ጨው፣ ማገዶና ንጹሕ ውኃ አብሮ መታሰብ አለበት፤ ድስት የሌለው ሰው በዱቄት አይበላም።

የሚከተሉት ሦስቱ ብዙ ጉዳት ያደርሳሉ፦

የዱቄት ወተት። ውኃው ንጹሕ ባልሆነበት ቦታ በጡጦ የሚሰጥ ወተት ሕፃኑን ተቅማጥ ያስይዘዋል፣ እናቲቱም ጡት ማጥባት ታቆማለች። ለሚያጠቡ እናቶች ምግብ መላክ ይበልጣል።

ያገለገለ ልብስ ሳይለይ በማዳበሪያ ታጭቆ ሲላክ። የሚለየው ሰው ከእርዳታ ሥራ ተነሥቶ ነው የሚለየው። መላክ ካለብዎ ታጥቦ፣ በዕድሜና በጾታ ተለይቶ፣ በማዳበሪያው ላይ በትልቁ ተጽፎ ይሁን።

ፕላምፒ ነት። ለከባድ የምግብ እጥረት የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ የልጁ ክንድ ተለክቶ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን በጤና ባለሙያ ይታዘዛል። አንድ ካርቶን 150 ከረጢት ይይዛል፤ ይህም በግምት ለአንድ ልጅ ሙሉ ሕክምና የሚበቃ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ካዩ በርኅራኄም ቢሆን አይግዙት፤ ገዢ እስካለ ድረስ ከታመመ ልጅ እጅ እየወጣ ይሸጣል።

ለሕክምና ሲጠየቁ

ሐዋሳ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ያለባት ከተማ ስለሆነች ከሩቅ የሚመጣ ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ የእውነት ችግረኛውም፣ ወረቀት ይዞ የሚዞረውም። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ገንዘቡን ለወረቀቱ ሳይሆን ለአገልግሎቱ መክፈል ነው። መድኃኒት ከሆነ የሐኪም ማዘዣውን ቀን ይዩ፤ የቆየ ማዘዣ ደግሞ ደጋግሞ ሊዞር ይችላል። አብረው ፋርማሲ ሄደው ይግዙ፣ ከፋርማሲው ደረሰኝ ይውሰዱ፣ ማዘዣው ላይም «ተገዝቷል» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ሰውየው ወደ ፋርማሲ መሄድ ካልፈለገ ተወያይተው ጊዜ አያጥፉ።

ለትልቅ ቀዶ ሕክምና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጠየቅ ከሆነ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ፣ ሕክምናው የሚሰጥበት ሆስፒታል የዋጋ ግምት፣ የባንክ ሂሳቡ ስም። ሂሳቡ በሕመምተኛው ወይም በቅርብ ቤተሰቡ ስም ሆኖ ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ይመረጣል። ግምቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ከሆነና እስካሁን የተሰበሰበው አንድ አሥረኛ ከሆነ፣ «ካልሞላ ገንዘቡ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። መልሱ አስቀድሞ የታሰበበት ከሆነ ከሳጥኑ ይስጡ።

5ኛ፦ ዘላቂውን መምረጥ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ አንድ ወር ቢፈጅም አይቸኩሉ።

መጀመሪያ ምዝገባውን ይዩ። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ድርጅት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ በሲዳማ ክልል ብቻ የሚሠራ ከሆነ ምዝገባው በክልሉ ነው። የምስክር ወረቀቱን ለማየት መጠየቅ የተለመደ ነው፤ የሚቆጣ ድርጅት ካለ ቁጣው ራሱ መልስ ነው። እድርና የሃይማኖት ተቋም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ (ቁጥር 1113/2011) አይመዘገቡም፤ እነርሱን የሚያጣሩት በጠቅላላ ስብሰባቸውና በሂሳብ ሪፖርታቸው ነው።

ቀጥሎ የአስተዳደር ወጪ ነው። በዚሁ አዋጅ መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ይይዝና ዝቅተኛውን ይመርጣል። ልክ አይደለም። 5 በመቶ ብቻ አስተዳደር የሚያወጣ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሪፖርቱ ሊታመን አይችልም። የመምህርና የነርስ ደመወዝ ደግሞ ሥራው ራሱ እንጂ አስተዳደር አይደለም። ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ያለፈው ዓመት ሂሳብ እንዳላቸው ይጠይቁ።

ከዚያ ይሂዱና ይዩ። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ሐይቅ ዳር በባጃጅ የማይደረስበት የለም። በድንገት ሳይሆን ደውለው፣ ግን በዝግጅት ቀን ሳይሆን በተራ ማክሰኞ ይሂዱ። የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

«ከእናንተ ጋር ጨርሶ የወጣ ሰው አለ? አሁን የት ነው?» አምስት ዓመት የሠራ ድርጅት በስም ባይሆንም በቁጥር መመለስ አለበት። ሁልጊዜ የሚቀበል፣ ማንም የማይወጣበት ድጋፍ ዘላቂ ሳይሆን የተራዘመ አስቸኳይ እርዳታ ነው።

«ትልቁ ለጋሻችሁ ቢያቆም ምን ታደርጋላችሁ?» ገቢው ሁሉ ከአንድ የውጭ ምንጭ የሆነ ቤት ባንድ ደብዳቤ ሊዘጋ ይችላል።

«ልጁ ቤተሰብ አለው?» ሕፃናትን በአንድ ግቢ ሰብስቦ ማሳደግ የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት። አያቱ ወይም አክስቱ ጋር ሆኖ እንዲያድግ ቤተሰቡን መደገፍ ለልጁም ይሻላል፣ ወጪውም ያነሰ ነው። የቤተሰብ ፍለጋ የማይሠራ ማሳደጊያን በጥንቃቄ ይዩት።

«በአንድ ልጅ ስም ነው ወይስ በጋራ ቋት?» በስም መደገፍ ልብ ይነካል፤ ፎቶም ደብዳቤም ይመጣል። ለ300 ብር ለጋሽ ግን የጋራ ቋት ይሻላል እንላለን። እርስዎ ቢያቆሙ አንድ የታወቀ ልጅ አይወድቅም፤ ድርጅቱም በዚያ ወር ለባሰበት ማዋል ይችላል።

ዘላቂ ሥራ አንዳንዴ ከአስቸኳይ እንደሚጀምር ማስታወስ ይጠቅማል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ወደ ግሸን ማርያም ሲጓዙ በድርቅ የተመታውን የወሎ ሕዝብ አዩ፤ የያዙትን ዳቦ አከፋፍለው ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዳቦው በዚያው ቀን አለቀ፤ ልጆቹን ይዞ መመለሱ ግን ለአሥርት ዓመታት የሠራ ድርጅት ሆነ። ዳቦውም ልጆቹም ያስፈልጉ ነበር።

ትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚሠራባቸው ቦታዎች

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን። ከሁሉ በፊት የምናስቀድመው ይህንን ነው። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ዓመቱን ሙሉ በጤና ጣቢያ፣ ሪፈር ሲጻፍለትም በሆስፒታል ይታከማል። የድሃ ድሃ ተብለው የተመዘገቡትን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። የሚጎዱት ከእነርሱ ትንሽ ከፍ ያሉት ናቸው፦ ልብስ አጣቢ፣ በቆሎ ጠባሽ፣ ጠላ ሻጭ። መክፈል የሚችሉ ተብለው ተቆጥረዋል፤ በክፍያው ወቅት ግን እጃቸው ላይ ገንዘብ የለም። ቀበሌዎ ሄደው የዓመቱን መዋጮ መጠንና የምዝገባ ወቅቱን ይጠይቁ፤ ወቅቱ ካለፈ እስከ ሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ሊኖርባቸው ይችላል። ክፍያውን ራሳቸው እንዲከፍሉ አድርገው ደረሰኙን በስማቸው ይውሰዱ። ሁለት ነገር ብዙ ጊዜ ይበላሻል፦ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቤተሰቡ ሥር ሳይመዘገብ ይቀራል፣ ተጨማሪ ክፍያ ያስፈልገዋልና፤ ሌላው ደግሞ ሰዎቹ ጤና ጣቢያውን ዘለው በቀጥታ ሆስፒታል ይሄዱና ክፍያ ይጠየቃሉ። ይህን አስቀድመው ያስረዷቸው።

የሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ። ታጥቦ የሚያገለግለው ከሚጣለው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይሠራል፤ ግን ትምህርት ቤቱ ውኃና የሚዘጋ በር ያለው መጸዳጃ ከሌለው አይጠቅምም። መጀመሪያ ያንን ይዩ፤ አንዳንዴ የጎደለው የበር መቀርቀሪያ ብቻ ነው።

የሴቶች የራስ አገዝ ቡድን። ከ15 እስከ 20 ሴቶች በየሳምንቱ ጥቂት ብር እየቆጠቡ ለእርስ በርሳቸው ያበድራሉ። እዚህ ላይ ስሕተቱ ደግ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው፤ 5,000 ብር አምጥቶ ቋታቸው ውስጥ ይጨምራል። የራሳቸው ገንዘብ ሲሆን ብድሩን ይከታተላሉ፤ የሌላ ሰው ሲሆን መመለሱ ይላላል፣ ጭቅጭቅ ይመጣል፣ ቡድኑ ይፈርሳል። ገንዘብዎ ቡድኑን ለምትረዳው አመቻች መጓጓዣ፣ ለደብተርና ለሥልጠና ይሁን። ቋቱን አይንኩ።

ደብተርና እስክሪብቶ ለመግዛት ካሰቡ ገበያው በመስከረም ስለሚወደድ በሐምሌ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ በደርዘን ይግዙ።

6ኛ፦ አከፋፈሉ

ለ300 ብሩ ባንክዎ ውስጥ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ ይሙሉ፤ ደመወዝ በገባ በማግስቱ እንዲተላለፍ ያድርጉት። በወሩ መጨረሻ ከተደረገ ሂሳቡ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። በቴሌብር ከሆነ ከማረጋገጥዎ በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም ያንብቡ፤ የድርጅቱ ስም መሆን አለበት። «የድርጅቱ ሂሳብ ለጊዜው ችግር ስላለበት በሥራ አስኪያጁ ስም ላኩ» ከተባሉ አይላኩ፤ ችግሩ እስኪፈታ መጠባበቂያዎ ውስጥ ያቆዩት። ደረሰኝ ማኅተምና ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን። የስልክ ምስል ደረሰኝ አይደለም፤ በቀላሉ ይቀየራል።

አንድ ደብተር በቂ ነው፦ ቀን፣ መጠን፣ ለማን፣ ለምን። አራተኛው ዓምድ ላይ «አስ» ወይም «ዘላ» ብለው ይጻፉ።

7ኛ፦ በየመስከረሙ መመርመር፣ ካስፈለገም በአግባቡ መውጣት

ደብተሩን ይክፈቱና «አስ» እና «ዘላ» የሚሉትን ይደምሩ። የአስቸኳዩ ድምር ከዘላቂው በልጦ ካገኙት ዓመቱ በእርግጥ የአደጋ ዓመት ነበር ወይስ እምቢ ማለት አቅቶዎት ነው? ሳጥኑ ውስጥ ከ1,800 ብር በላይ ሳይወጣ ካደረ ትርፉን የጤና መድኅን ክፍያ ላይ ያውሉት፤ ተኝቶ የሚያድር ገንዘብ ዋጋው ይቀንሳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህን ሁሉም ሰው በገበያ አይቶታል። በዚሁ ምክንያት 300 ብሩም በየዓመቱ ይመርመር፤ ደመወዝዎ በጨመረበት መጠን ካልጨመሩት ድጋፍዎ ሳይታወቅ እየቀነሰ ነው።

ድርጅቱ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሪፖርት ካልሰጠ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር ሂሳቡም ወደ ግለሰብ ስም ከተቀየረ፣ ወይም ተመሳሳይ ፎቶ በሁለት ዓመት ሪፖርት ላይ ካዩ መውጣት ይችላሉ። በዝምታ ግን አይውጡ። ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ያስታውቁ፣ ሦስቱን ወር በመጠባበቂያው 900 ብር ይክፈሉ፣ ቋሚ ትእዛዙን በባንክ ቀርበው ያሰርዙ። መልእክት መላክ ብቻውን አያሰርዘውም፤ ስለዚህ በአራተኛው ወር የሂሳብ መግለጫዎን አውጥተው መቆሙን ያረጋግጡ።